መኪና ይታበሳል እንጂ አይፈገፈግም

አማርኛችን ውኃንና እድፍን ከአንድ ነገር ላይ ለማንሣት ብዙ ግሦች አሉት፤ አንዱ ግን በሌላው ቦታ አይገባም። ወለል ይወለወላል፤ ድስት ይፈገፈጋል፤ ልብስ ይጨመቃል፤ ጠረጴዛ ይጠረጋል፤ እንባ ግን ይታበሳል። እንባውን የሚፈገፍግ ሰው አላየንም፤ የሚያብስ እጅ ከሥሩ ያለው ገላ ስስ መሆኑን ያውቃልና። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከዚህ ሲነጻጸር ተራ ይመስላል፤ የታጠበ መኪና በምን ይድረቅ? የሚል ነው። አስተያየቴን አስቀድሜ ልናገር። የመኪና ቀለም አብዛኛውን ጭረት የሚያገኘው ሲጸዳ ነው፤ ይልቁንም ታጥቦ ሲደርቅ። ይህም የሚሆነው ለማበስ የተፈጠረ መሣሪያ መያዝ ሲገባን ለመፈግፈግ የሚሆነውን ስለምንይዝ ነው።

ይህ የግጥምና የወግ ገጽ ስለ ጨርቅና ስለ መኪና ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ቃልን የሚወድ ሰው ቃሉ የሚሠራበትን ቦታም ሊያይ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ «አበሰ» የሚለው ግሥ ከመዝገበ ቃላት ገጽ ሌላ በላቫጆ ደጃፍም ይኖራል። ደግሞስ እኛ የመንገድ ዳር ሰዎች ነን። እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከማክሰኚት ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ወረታ ሲኬድ የምትገኝ ከተማ ናት። የአፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ ከኮረብታው ላይ ጣናን እያየ በቆመበት አካባቢ አባዱላው፣ ዶልፊኑ፣ አይሱዙው፣ ሲኖትራኩና ባጃጁ ያልፋል፤ አንዳንዱም ቆሞ ይታጠባል። አንድ ባልዲ፣ አንድ ጀሪካንና አንድ ጨርቅ በተገናኙበት ሁሉ ላቫጆ አለ። ከጣሊያንኛ የወረስነው ይህ «ላቫጆ» የሚለው ቃል ማጠብን እንጂ ማድረቅን አይናገርም። ለማጠቡ የምንጨነቀውን ያህል ለማድረቁ የማንጨነቀው ምናልባት ለዚህ ይሆን?

በመጀመሪያ የሚጭረውን ነገር እንወቀው። በመኪና ላይ የሚያርፈው አቧራ ዱቄት ይምሰል እንጂ ዱቄት አይደለም። የሰሜኑ ደጋ የተመሠረተው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ፈልቆ በተነጠፈ ባዛልት በተባለ የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ነው። ይህ ዐለት በዝናብና በፀሐይ እየተሰባበረ በጣና ዙሪያ ሜዳ ጥቁሩን የዋልካ አፈር ሰጥቶናል። ዋልካ በክረምት ከጎማና ከጭቃ መከላከያ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል፤ በበጋ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ በጎማ ተፈጭቶ ይበንናል። የመውቂያው ወራት ሲደርስ ደግሞ ከየአውድማው የሚነሣው እብቅ ይጨመርበታል። በዚህ ሁሉ ብናኝ ውስጥ ዓይን ነጥሎ የማያያቸው የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። የማዕድን ሊቃውንት ጥንካሬን ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞስ መለኪያ ሲመዝኑ፣ የባዛልት ዋና ዋና ማዕድናት ከ5 እስከ 7 ባለው መካከል ይወድቃሉ፤ የተለመደው የብረት ቢላዋ 5 ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ አቧራ የለበሰን መኪና በጨርቅ የሚያሽ ሰው፣ ከቢላዋ የማይተናነስ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ይጎትታል ማለት ነው።

የሚጎተትበትስ ገላ ውፍረቱ ምን ያህል ነው? የዛሬ መኪና ቆርቆሮው በመጀመሪያ ዝገት የሚከላከል ልባስ ይለብሳል፤ በላዩ መደላድል የሚሆን ቀለም ይቀባል፤ ቀጥሎ ዓይን የሚያየው ነጭ፣ ቀይ ወይም ብርማ ቀለም ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ፣ ራሱ ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ልባስ አለ። ይህ የመጨረሻው ልባስ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የሰው የራስ ጠጉር 70 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ባለንብረቱ የሚኮራበት ብልጭታ ሁሉ ከአንዲት ዘለላ ጠጉር በቀጠነ ነገር ላይ ያረፈ ነው።

በድሮዎቹ መኪኖች ነገሩ ሌላ ነበር። ቀለሙ ራሱ የላይኛው ልባስ ስለነበረ፣ ቀይ መኪና አጥብቆ የሚወለውል ሰው ጨርቁ ሲቀላ ያይ ነበር፤ ጨርቁ ይመሰክርበታል። ዛሬ የሚፋቀው ቀለም አልባው ልባስ ስለሆነ ጨርቁ ንጹሕ መስሎ ይወጣል። ጥፋቱ ይፈጸማል፤ ምስክር ግን የለም።

ምስክሩ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ጠቆር ያለ መኪና ረፋድ ላይ ፀሐይ ውስጥ ቆሞ ብታዩት፣ በፀሐይዋ ነጸብራቅ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን ክቦች ይታያሉ። ብዙ ሰው አጣቢው እጁን ክብ እያደረገ ስላሸው የመጡ ይመስለዋል። ጭረቶቹ ግን በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ለነጸብራቁ አግድም የተኙት ብቻ ስለሆኑ ነው ክብ ሠርተው የሚታዩን። ቦታ ብትቀይሩ ክቡም አብሯችሁ ይሄዳል። እነዚህ ጭረቶች የአንድ ቀን ሥራ አይደሉም። ከባንክ መስኮት ጀርባ የሚውል ሰው የብር ኖት እንዴት እንደሚያረጅ ያውቃል፤ ኖቱን ያስረጀው ሰው ተለይቶ አይታወቅም፤ ሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ አጥፎታል። የመኪና ቀለምም እንዲሁ በብዙ ትንንሽ እጥበቶች ያልቃል። ለዚህም ነው ጥፋተኛውን ፈልጎ ከመያዝ ይልቅ ልማዱን ማረም የሚበጀው።

«ታዲያ በማሽን ቢወለወል አይለቅም?» የሚል ይኖራል። ይለቃል፤ ግን ማስለቀቅ ምን ማለት እንደሆነ እንወቅ። የጭረቱ ጎድጓዳ አይሞላም፤ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ልባስ ተፍቆ ከጎድጓዳው እኩል ዝቅ ይላል እንጂ። ይህንን ከማንም በላይ የሚረዳው ብራና ፋቂ ነው። ቆዳውን በመወጠሪያው ላይ ወጥሮ ሲፍቅ የተፋቀው እንደማይመለስ ያውቃል፤ እጁ ጥቂት ከበዛ ብራናው ይሳሳል፣ ይቀደዳል። በጥንት የብራና መጻሕፍት ገጾች ላይ በክር የተሰፉ ቀዳዶች የምናየው፣ ጸሐፊውም ፊደሉን በቀዳዳው ዙሪያ አዙሮ ሲጽፍ የምናገኘው አንዳንዴ ከዚህ የተነሣ ነው። በብራና ላይ ያ ስፌት ለዛሬ አንባቢ የሚወደድ ምልክት ሆኗል። መኪና ግን ስፌት አያምርበትም፤ ልባሱ ያለቀበት ቦታ በፀሐይ ይደበዝዛል፣ ይላላጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አዲስ ቀለም መቀባት ነው።

እንግዲያው ለምን ዝም ብለን ለፀሐይ አንተወውም? ፀሐይ ምንም አትጭርም። ችግሩ ውኃ ብቻውን የመጣ አለመሆኑ ነው። የጉድጓድም የወንዝም ውኃ ካልሲየምና ማግኒዚየም የመሰሉ ማዕድናትን አሟሙቶ ይይዛል። ጠብታው ሲተን ውኃው ይሄዳል፤ ማዕድኑ ይቀራል፤ በመስታወቱና በቀለሙ ላይ ነጭ ቀለበት ይሆናል። የጣና ወለል ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ብርቱ ናት። የጋለ የሞተር ክዳን ላይ ደጋግሞ የደረቀ ጠብታ ቀለበቱን በልባሱ ላይ ያትማል፤ ያን ጊዜ በውኃ አይለቅም። ስለዚህ ማድረቅ ግዴታ ነው፤ የተሻለው ቦታ ጥላ ነው፤ የተሻለው ሰዓትም ማለዳ ወይም አመሻሽ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። በየላቫጆው የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው አሮጌ ልብስ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ከተበጣጠሰ በኋላ የት እንደሚሄድ ተረቱ አይነግረንም እንጂ፣ አንዱ መድረሻው መኪና ማጠቢያ ነው። አሮጌ ልብስ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ብዙ የታጠበ የጥጥ ካናቴራ ወይም የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ለስላሳ ነው፤ ውኃም ይጠጣል። ክፉው ከልብሱ ጋር የሚመጣው ነው፤ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ወፍራም ስፌት፣ ከአንገቱ ያልተቆረጠ ምልክት። ሰው ሠራሽ ክር የበዛበት ተራ ሸሚዝ ደግሞ ውኃውን ወዲያና ወዲህ ይገፋል እንጂ አይጠጣም፤ አልጠጣም ባለ ቁጥር እጅ ይጫናል፤ እጅ በተጫነ ቁጥር ከሥሩ ያለው ቅንጣት ይሰምጣል። ከካናቴራው ፎጣ ይሻላል፤ የፎጣው ዘለበት ዘለበት ክር ውኃውን ወደ ውስጥ ስቦ ቅንጣቱን ከቀለሙ ትንሽ ያርቀዋልና።

ስፖንጅ ማድረቂያ አይደለም። ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ የያዘውን አሸዋ የሚደብቅበት ጥልቀት የለውም፤ እንደያዘው ይጎትተዋል። የመስታወት መጥረጊያ ጎማም በቀለም ላይ የሚሰነዘርበት ጊዜ አለ፤ ፈጣን ነው፣ በአንድ ሰንዘራ ውኃውን ጠርጎ ያወርዳል፣ ተመልካችንም ደስ ያሰኛል። በመስታወት ላይ ይሁንለት፤ መስታወት ከቀለም ይልቅ ጠንካራ ነው። በቀለም ላይ ግን በጎማው ከንፈር ሥር አንዲት ቅንጣት ከገባች፣ ከክዳኑ ጫፍ እስከ ጫፍ እንደ መስመር የተሰመረ አንድ ረጅም ጭረት ትታ ትሄዳለች። የፍጥነቱ ዋጋ ይህ ነው።

ቆዳ ሌላው መሣሪያ ነው። በውጭው ዓለም ለረጅም ዘመን የመኪና ማድረቂያ ንጉሥ ሆኖ የኖረው በዓሣ ዘይት የለፋ ስስ የበግ ቆዳ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር፤ የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በስስነቱና በጥንካሬው ለጓንት የሚፈለግ ነውና። ቆዳው ውኃን በብዛት ይጠጣል፤ ሲጨመቅም መልሶ ይተፋል። ደረቅ ሳለ ግን እንደ እንጨት ነው፤ አስቀድሞ ርሶ፣ ተጨምቆ፣ ለስልሶ ካልሆነ ቀለም ሊነካ አይገባውም። ዛሬ በመኪና ዕቃ መደብሮች በላስቲክ ጣሳ ውስጥ እርጥብ ሆኖ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ «ቆዳ» የዚሁ ምትክ ነው። የሁለቱም ድካም አንድ ነው፤ ፊታቸው ልሙጥ ስለሆነ ቅንጣት የሚሸሸግበት ሥፍራ የላቸውም። በሚገባ በታጠበ መኪና ላይ መልካም አገልጋዮች ናቸው፤ እንዲያው በተረጨ መኪና ላይ ግን ጨካኞች ናቸው።

እኔ የምመርጠው ማይክሮፋይበር የተባለውን ጨርቅ ነው። የዘር ሐረጉ ወደ ጃፓን ይወስደናል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሚዮሺ ኦካሞቶ የተባለ የቶሬይ ኩባንያ ተመራማሪ እጅግ ቀጭን ሰው ሠራሽ ክር ማውጣት ቻለ፤ ከዚያም የሚዳቋ ቆዳ የሚመስል ጨርቅ ተሠራበት። ማይክሮፋይበር የሚባለው ክር ልኩ 9,000 ሜትሩ ተመዝኖ ከ1 ግራም የማይሞላ ነው። ለመኪና የሚሆነው ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ከፖሊስተርና ከናይለን ይቀላቀላል፤ እያንዳንዱ ክር ደግሞ እንደ ተላጠ ብርቱካን በቁመቱ ተሰንጥቋል። ውኃ በእነዚህ ስንጥቆች መካከል በራሱ ኃይል ይሳባል፤ እጅ መጫን አያስፈልገውም። ቅንጣት ቢገኝም ወደ ጨርቁ ጥልቀት ይገባል፣ ከቀለሙም ይርቃል። ማበስ የሚለው ግሥ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ይህን ይመስል ነበር።

ነገር ግን ስሙ ብቻ አይበቃም። በገበያ ላይ ማይክሮፋይበር ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ሲገዙ ጠጉሩ ረዘም፣ ጨርቁም ወፈር ያለውን መምረጥ ነው፤ ክብደቱ ተጽፎ ከሆነ በካሬ ሜትር 400 ግራም ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ለማድረቅ ይመቻል። ጠርዙ ለስላሳ ይሁን፤ የተሰፋበት ምልክት ይቆረጥ። ጥርጣሬ ያለው ሰው አሮጌ ሲዲ ፈልጎ በሚያብረቀርቀው ፊት ላይ ጨርቁን አጥብቆ ያሽ፤ ሲዲውን የጫረ ጨርቅ መኪናውንም ይጭራል። አጠባበቁም ቀላል ነው። ለብቻው በለብ ያለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ይታጠብ፤ የልብስ ማለስለሻ አይግባበት፣ ስንጥቆቹን ይደፍናልና፤ የጥጥ ብናኝም እንዳይይዝ ከጋቢና ከፎጣ ጋር አይቀላቀል፤ በጥላ ይሰጣ እንጂ በእሳት አይድረቅ። ይህን ያህል ከተጠነቀቁለት ለብዙ ጊዜ ያገለግላል።

ከጨርቅ ሁሉ በፊት ግን ዋጋ የማይጠይቁ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው ውኃው ራሱ ነው። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃውን ከመርጨት ይልቅ ከጣሪያው ጀምሮ በቀስታ ማፍሰስ ነው፤ ጎማ ያለው አፉን ሳይጨብጥ፣ ጀሪካን ያለው ከጀሪካኑ ዝቅ አድርጎ። ውኃ ተረጭቶ ሲያርፍ በሺህ ጠብታ ይበታተናል፤ ሲፈስስ ግን እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፤ ወንድሙንም እየጎተተ ይሄዳል። ለጨርቁ የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። ሁለተኛው አየር ነው። ጎሚስታ ቤት ያለው ኮምፕሬሰር ጨርቅ በማይደርስበት በመስታወት ክፈፍ፣ በበር እጀታና በመብራት ጠርዝ የተሸሸገውን ውኃ ሳይነካ ያወጣዋል፤ የቱቦው ብረት ገላውን እንዳይመታና ከቱቦው ዘይት ቀላቅሎ እንዳይተፋ ብቻ መጠንቀቅ ነው። ከማይነካ መሣሪያ የሚመጣ ጭረት የለም።

የሚነካው ሲነካ ደግሞ እንዲህ ይሁን። ጨርቁ ለአራት ይታጠፍ፤ ስምንት ንጹሕ ፊት ይሰጣል። ከጣሪያ ተጀምሮ ወደ ታች ይወረድ፤ ጭቃ የሚበዛበት የበሩ የታችኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ይሁን። ጨርቁን ማሳረፍ፣ ውኃውን እስኪጠጣ ጥቂት መታገሥ፣ ከዚያ በቀጥታ ሳብ ማድረግ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ አያስፈልግም። ለጎማና ለቸርኬ የሚሆነው ጨርቅ በቀለም ይለይ፣ ወደ ገላው አይውጣ። ከሁሉም በላይ መሬት የወደቀ ጨርቅ አራግፈን እንደገና አንጠቀምበት። ይህችን አንዲቱን ሕግ ያከበረ፣ በአሮጌ ካናቴራም ቢሆን፣ ውድ ማይክሮፋይበር ገዝቶ ከጠጠር ላይ አንሥቶ ከሚጠቀመው ሰው ይሻላል።

አንድ ከባድ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ስለ ጭረት መጨነቅ ቅንጦት አይደለምን? መኪናስ ብረት አይደለምን? እውነት ለመናገር ቀጭን ጭረት መኪናን አያቆምም፤ እስከ ቆርቆሮው ያልደረሰ ጭረትም ዝገት አያመጣም። ይሁንና ባለቤቱን ተመልከቱ። በእኛ ከተሞች አባዱላ የአንድ ቤተሰብ ጥሪት ነው፤ ባጃጅ የአንድ ወጣት ብድር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ግብር ከፍ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። ያለው መኪና የሚተካው በቀላሉ አይደለም ማለት ነው። ገዢ መኪና ሲያይ ቀድሞ የሚዞረው ገላውን ነው፤ የፋብሪካ ቀለሙ ነው ወይስ ተቀብቷል? ብሎ በጣቱ ያንኳኳል፤ ደላላውም ከዚያው ይጀምራል። ለድሃ ሰው ንብረት መጠንቀቅ ቅንጦት የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው? ንብረቱ በሁለት ዓመት የሚለወጥለት ሰው ባይጨነቅ ያምርበታል፤ ሃያ ዓመት ሊጠቀምበት የሚገባ ሰው ግን ሊጠነቀቅለት ይገባል።

ሌላው የከበደኝ ነገር የአጣቢው ልጅ ጉዳይ ነው። «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ይላል ልጁ፤ «ፍጠን እንጂ ልጄ፣ መንገደኛ ይጠብቀኛል» ይላል ሾፌሩ። ልጁ አንድ ጨርቅ አለው፤ በዚያ ጨርቅ ከጠዋት ጀምሮ የአይሱዙ ጭቃና የባጃጅ ቅባት ጠርጓል። የሚከፈለው በመኪና ቁጥር ነው እንጂ በትዕግሥቱ መጠን አይደለም። ለእጥበቱ ዋጋ የተከራከርነው፣ ቶሎ በል ያልነው፣ ጨርቁን ያልገዛነው እኛ ነን፤ ጭረቱ ሲታይ ግን የሚሰደበው እሱ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ተረታችን፤ በዚህ ጉዳይ ግን የቸኮለው ባለመኪናው፣ የሚለቅመው አጣቢው ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ባለመኪና ሁሉ የራሱን ማድረቂያ በንጹሕ ፌስታል ቋጥሮ በመኪናው ይያዝ፤ ሁለት ለገላው፣ አንድ ለመስታወቱ። ሲያስታጥብ ለልጁ ወይም ለረዳቱ ይስጠው፤ ሲጨርስ ይቀበለው፤ ቤቱ ሲገባ ይጠበው። ላቫጆ የከፈተ ሰው ደግሞ ለቸርኬና ለገላ የተለዩ ጨርቆች፣ ለጨርቆቹም ማለቅለቂያ የሚሆን አንድ ተጨማሪ ባልዲ ያስቀምጥ። ለማድረቁም ጥቂት ደቂቃ በዋጋው ውስጥ ይታሰብ። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ አንድ በር ለማስቀባት ከሚጠየቀው ጋር አይወዳደርም።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የምጨምረው አንድ ምክንያት አለኝ። የመንገዳችን መኪኖች የሚነበቡ ናቸው። በአይሱዙው ጀርባ፣ በአባዱላው መስታወት፣ በባጃጁ ሸራ ላይ ሾፌሮቻችን ጸሎታቸውን፣ ቅሬታቸውን፣ ፍቅራቸውንና ቀልዳቸውን ይጽፋሉ፤ አሳታሚ ሳይፈልጉ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር ይነበባሉ። በጨርቅ ሲፈገፈግ መጀመሪያ የሚላጠው የእነዚያ ፊደላት ጠርዝ ነው። ግማሹ የተላጠ ጥቅስ ተከትዬ ስሄድ የጎደለውን ቃል ለመገመት ስደክም እውላለሁ። ለመንገዱ አንባቢ ሲባል እንኳ እጃችን ይለስልስ።

ከሩቅ መንገድ መጥተሽ አቧራ ለብሰሽ፣
ጥላ ሥር አረፍሽ በውኃ ርሰሽ፤
ጠብታሽን ላንሣ ሳልጫንሽ በእጅ፣
ከጠላት ይብሳል የቸኮለ ወዳጅ።

ቸር እንሰንብት።